ቁጥር አርባ ሁለት ሰኞ ሰኞ

የሞተ ተማሪ ድምፅ እየላክህ አቴንዳንስ አጭበርብረሃል ተብዬ ከረዳት አስተባባሪነት ወደ መጋዘን ጥበቃ ወረድኩ። አልላክሁም። ይህን የምጽፈው በርቀት ትምህርት ለሚሠሩ ባልደረቦቼና ከእኔ በኋላ የአስተባባሪነቱን ሥራ ለሚረከብ ሰው ነው።

ሥራ የገባሁ ቀን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የርቀት ትምህርት ቅርንጫፍ በር ላይ ዱላ አስያዙኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ከሰዓት በኋላ ሞጁል የጫነ መኪና መጣ። የመዝገብ ቤቷ ሴት «ማኔጅመንቱን ግራ፣ ሕጉን ቀኝ ደርድር» አለችኝ። በሽፋኑ ቀለም ለየሁ፤ ሰማያዊውን ግራ፣ ቀዩን ቀኝ። በዕድል ልክ ሆነ። ሁለት ዓመት በቀለም ሠራሁ፤ ማንም አልነቃብኝም።

በሦስተኛው ዓመት ማተሚያ ቤቱ ሽፋኑን ሁሉ አረንጓዴ አደረገው። የደጀን ማኔጅመንት ተማሪዎች ሕግ ተሸክመው ወደ ቤታቸው ገቡ። የያኔው ኃላፊ «አንዳርጌ፣ ወይ ፊደል ቁጠር ወይ በሩን ልቀቅ» አለኝ። የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። በዕድሜ ከእኔ በሚያንስ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ «ሀ ሁ» አልኩ። እፍረቱን አልረሳውም፤ ፊደሉንም አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ሞጁል አዳይ ሆንኩ። ቅዳሜ ሉማሜና ደጀን፣ እሑድ ደብረ ኤልያስ፣ ካርቶን አውቶቡስ ላይ ጭኜ። ተማሪዎቹን የማውቃቸው በድምፅ ነው። ያን ያህል ዓመት በጆሮው የኖረ ሰው ፊት ይረሳል፣ ድምፅ ግን አይረሳም።

አዲሱ ኃላፊ አቶ ምሕረቱ ሲመጣ አውቶቡሱ ቀረ። ወጣት ነው፣ ዲግሪው ሁለት ነው። «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ነው» አለ። ሞጁሉ በፋይል፣ አሳይመንቱ በፎቶ፣ የአስተማሪው ማብራሪያ በድምፅ። እኔን ረዳት አስተባባሪ አደረገኝ፤ የእያንዳንዱን ተማሪ ስልክ የማውቅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ። ቴሌግራም መክፈት ላቃታቸውም በእጄ ከፈትኩላቸው።

ችግሩ አቴንዳንስ ላይ መጣ። ስም ጻፉ ስንላቸው አንዱ ለአምስት ይጽፋል። «በድምፅ ይሁን፤ ስም ይዋሳሉ፣ ጉሮሮ አይዋሱም» አልኩት። አቶ ምሕረቱ ወደደው። በማግስቱ በስብሰባ ላይ የራሱ ሐሳብ አድርጎ አቀረበው። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሁሉም በቁጥሩ ተራ ድምፁን ይልካል፤ ሦስት ሰኞ የቀረ ከቡድኑ ይወጣል። ማስታወቂያውን በአንድ ጣት ግማሽ ቀን ፈጅቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቁጥር አርባ ሁለት ስንታየሁ ይባላል፤ የደብረ ኤልያስ ገበሬ፣ ማኔጅመንት ተማሪ። ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፅ ነበረው። ሌሎቹ ያልገባቸውን በድምፅ እየቀዳ የሚያስረዳቸው እሱ ነው። በሐምሌ አንድ የሉማሜ ተማሪ «ወንድማችን ስንታየሁ በድንገተኛ ሕመም አርፏል፤ ትናንት ተቀብሯል» ብሎ ቡድኑ ላይ ጻፈ። ሁሉም ነፍስ ይማር አለ። እኔም ጻፍኩ።

በቀጣዩ ሰኞ አርባ አንድ ላከ። ከዚያ፣

«ቁጥር አርባ ሁለት፣ ስንታየሁ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ተገኝቻለሁ።»

ድምፁ የእሱ ነው። አርባ ሦስት አልላከም። ማንም አልላከም። ቆይቶ «ከቡድኑ ወጥቷል» የሚል መስመር መጣ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። አንድ ቀልደኛ የደጀን ተማሪ «እዚያም ኔትወርክ ገባ ማለት ነው» ብሎ ጻፈ፤ የሳቀለት የለም። ትንሽ ቆይቶ እሱም ወጣ።

ወደ ቁጥሩ ደወልኩ። ተነሣ። «ሃሎ» አልኩ። መልስ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። «ማን ልበል?» አልኩ። ትንፋሹ ቆመ፣ ስልኩ ተዘጋ። እጄ ላይ ያለውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከእሱ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

አራት ሰኞ እንዲህ ሆነ። በየሰኞው ድምፁ ስለመጣ በየሰኞው ተገኝቷል ብዬ ሞላሁ። በአምስተኛው አቶ ምሕረቱ ጠራኝ።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ይቀመጡ። ስንታየሁ መሞቱን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ተገኝቷል ብለው የሞሉት ማንን ነው?»

«ድምፁ ከመጣ ሙላ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«የሞተ ሰው ድምፅ ከየት ይመጣል? የሁሉንም ድምፅ አጠራቅመው የያዙት እርስዎ። ቴሌግራሙን በእጅዎ የከፈቱለት እርስዎ። ተማሪ እንዳይጎድልብዎ ነው እንጂ መንፈስ ነው ሊሉኝ ነው?»

«መንፈስ አላልኩም። ሰው እንላክና ይታይ።»

«በቴሌግራም ዘመን ለአንድ ድምፅ መኪና አላስነሣም።»

እርስዎ እያለኝ ዱላዬን መለሰልኝ።

መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ እነዚያን ድምፆች ደጋግሜ ሰማሁ። አረንጓዴዎቹ ሞጁሎች ከኋላዬ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። አስተባባሪነቱ ለሌላ ተሰጥቷል፤ እኔ ግን ከቡድኑ አልወጣሁም። ድምፁ አንድ ነው፤ «ተገኝቻለሁ» ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግባት ቦታ እንኳ አትለወጥም። ከድምፁ ጀርባ አንድ ዶሮ ይጮኻል፤ እሱም በየሰኞው እዚያው ቦታ ላይ። ጎረቤት ለሚሠራው አናጺ አንዱን አሰማሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ነገር አጥፋና ጠበል ግባ» ብሎኝ ሄደ።

ከሁሉም ያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። ከዚያ ከማይለወጠው ድምፅ ፊት፣ ለጆሮዬ የቀረበ የሚለወጥ ነገር አለ። አንድ ሰኞ ዝናብ። አንድ ሰኞ የጥጃ ጩኸት። ሁልጊዜ ደግሞ ያ ትንፋሽ። ሁለት ቀን አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጧል። አንደኛው ቀን ስንታየሁ በሕይወት ሳለ ነው፤ ሁለተኛው ዛሬ። ያን ስረዳ ፈቃድ ጠየቅሁና እሑድ ደብረ ኤልያስ ወረድኩ።

ሰኞ ማለዳ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁ። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አጥሩ ጋ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። ጥቁር የለበሰች ሴት ከመደብ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ትልቁ ስልክ፣ በሌላው አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ። ሁለቱን አፍ ለአፍ ገጥማ ትንሹን ተጫነችው።

«ቁጥር አርባ ሁለት፣ ስንታየሁ…»

ድምፁ ከቤቱ ውስጥ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ ስከፍተው ያው ድምፅ መጣ። ምን እንደማይ እያየሁ እንኳ አጥሩን ያዝኩ።

ሚስቱ ናት፤ ስሟ አገሬ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መጀመሪያ ስልኮቹን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ ተናገረች። ስንታየሁ ሰኞ ጠዋት በገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን እህል ያስመዝን ነበር፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ድምፁን በትንሹ ስልኳ ቀድቶ፣ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን አሳይቶ፣ ለእሷ ተወላት። በሕይወት እያለም አብዛኛውን ሰኞ የምትልከው እሷ ነበረች። እኔና አቶ ምሕረቱ ስንታየሁ ተገኘ እያልን የሞላነው እሱ በሌለበት ነው።

«ሰኞን እንዳታሳልፊ፤ ያወጡናል ብሎኛል» አለች። «ሲሞትስ ተዪ ያለኝ ማን አለ?»

«ስደውል ለምን አልተናገርሽም?»

«የሴት ድምፅ ከሰሙ ያውቁብኛል ብዬ ነዋ ጋሼ።»

«ቢያወጡትስ ምን ይጎድልሻል? እሱ ከእንግዲህ አይማርም።»

ትልቁን ስልክ አውጥታ ቡድኑን ከፈተች። ማንበብ አትችልም፤ ጣቷ ግን ቦታውን ያውቃል። ስንታየሁ ለተማሪዎቹ ያስረዳበት ድምፅ ሁሉ ተደርድሯል። «ካወጡት ይህ አብሮ ይጠፋል አሉኝ። ከሥራ ስመለስ እሰማዋለሁ። ስለ ማኔጅመንት ነው የሚያወራው፤ አንዱም አይገባኝም።»

ሦስት ሰኞ የቀረ ይወጣል ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ።

«እርስዎ ከነገሯቸው ያወጡታል?» አለች።

«ያወጡታል።»

«ካልነገሯቸውስ?»

«እኔ በሌባነት እቀራለሁ።»

«በሞተ ሰው ያለ ሰው አይጎዳ። ይንገሯቸው። ድምፁን ግን…»

ከተማው ውስጥ ስልክ ከሚጠግን አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ሄድን። ከቡድኑ ድምፁን አንድ በአንድ አውርዶ ሜሞሪ ካርድ ላይ ገለበጠላት። ምን እንደሆነ ሲሰማ ሥራውን ሁሉ አቁሞ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ቆየ። ወጥተን ስንሄድ «አላህ ያጽናሽ እህቴ» አላት።

በማግስቱ ለአቶ ምሕረቱ ነገርኩት። አላመነም፤ ስልክ ደውዬ ከአገሬ ጋር አገናኘሁት። ሰምቶ ሲጨርስ «ቀድመው እንዲህ ብለው ቢያስረዱኝ ኖሮ» አለ። «ሰው እንላክ ብዬዎት ነበር» አልኩት። ቁጥር አርባ ሁለትን እዚያው ፊቴ ከቡድኑ አወጣው። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። የወጡት ተማሪዎች ተመለሱ፤ የድምፁ አቴንዳንስ ዛሬም አልቀረም።

አሁንም ሰኞ ሰኞ አርባ አንድ ሲልክ ጆሮዬ ይቆማል። አርባ ሦስት ነው የሚመጣው።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡ፦ ድምፅ ሰው መኖሩን አያሳይም። በዓመት አንድ ጊዜ የተማሪውን ደጅ ርገጡ፤ ተማሪ ሲሞት ደግሞ ለቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለባቸው እናንተው ንገሯቸው።

ወደ ቦታዬ የመለሰኝ ደብዳቤ የደረሰኝ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ነው።