ልጄን ከመዶሻ ድምፅ ጋር ሳለማምድ

ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የቀረውን መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ሰው እየጠየቅሁ ተማርኩት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጠንቅ አለበት፦ የሚያርመው መምህር ስላልነበረው፣ አንዴ የያዘውን ነገር ሁሉ እውነት አድርጎ ይኖራል።

ባለቤቴ የወሎ ሰው ናት፤ ለንግድ መቀሌ መጥታ እኔ ዘንድ ቀረች። ስለዚህ በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ከትግርኛው ያስቀረነው ጥቂት ነው፦ ዛሬ ትልቅ ሴት የሆነችውን አንዲቷን ልጃችንን «ልጄ» ለማለት ጓለይ እላታለሁ፣ እሷም «አባቴ» ለማለት አቦይ ትለኛለች።

በጦርነቱ ጊዜ የጎረቤታችን ቤት በአውሮፕላን ቦምብ ሲመታ ልጄ ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። ጭረት እንኳ አላገኛትም። ምንም አልሆነችም ብለን ፈጣሪን አመሰገንን። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ግን የብረት በር በተዘጋ ቁጥር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣ ጀመር። ወደ ቁሓ አየር ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን ሲያልፍ ግድግዳ ይዛ ቁጢጥ ትላለች፤ ድምፁ ከጠፋም በኋላ ቶሎ አትነሳም።

እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እዚያ ያለችው ባለሙያ ኪኒን አልሰጠቻትም። ጫማ አውልቆ መሬቱን በሙሉ እግር መርገጥ፣ ትከሻን አንስቶ መልቀቅ፣ ትንፋሽን በአፍንጫ ስቦ በአፍ ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ ከንፈርን ገጥሞ ደረት እስኪነዝር ማጉረምረም አስተማረቻት። ልጄ ጠዋት ጠዋት ግቢው መካከል ቆማ ይህንን ታደርግ ነበር።

«መተንፈስ ደግሞ ይማሩታል?» አልኳት አንድ ቀን። «ከእናትሽ ሆድ ስትወጪ ችለሽው አልነበር?»

ባለቤቴ ከማጀት ሰማችኝ። «አንተ መቼስ ከሆድ የወጣኸው መዶሻ ይዘህ ነው» አለች።

ልጄ ሳቀች። ያን ሳቅ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ቆይቶ ጠፍቷልና።

ወጣት ሳለሁ በምሠራበት ካባ፣ ድንጋይ እየተፈነዳ በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ አንዲት አህያ ነበረች። የፈንጂውን ድምፅ ስትሰማ ጭነቷን ጥላ ትሮጣለች። አለቃችን ከካባው አፍ አጠገብ አሰራትና እዚያው ዋለች፣ እዚያው አደረች። ከቀናት በኋላ ፈንጂው ሲጮህ ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። «አያችሁ፣ ለመደች» አለን። እኔም ይህንን እንደ ትምህርት ይዤው ኖርኩ።

ስለዚህ ድንጋዬን ከሥራ ቦታ ወደ ግቢዬ አስመጣሁ። መሮዬንና መዶሻዬን ይዤ ልጄ ከምትቆምበት ጥቂት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና እጠርብ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን በእያንዳንዱ ምት ዘለለች። «አቦይ፣ እባክህ» አለችኝ። «ሐሞት ይኑርሽ ጓለይ» አልኳት፤ «ዓለም ለአንቺ ብሎ ዝም አይልም።» እንዲህ ያለውን አባባል እወድ ነበር። አባት ልጁን ለክፉ ቀን ማዘጋጀት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ክፉው ቀን አልፎ እንደነበር ግን አላየሁም።

ውሎ አድሮ መዝለሉን ተወችው። መዶሻው ሲያርፍ ዐይኗን እንኳ አታርገበግብም። ጫማዋን አውልቃ መቆሙንም ተወችው፤ እኔም ከእንግዲህ አያስፈልጋትም አልኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ «ያ ሁሉ ትንፋሽ ያላዳነውን መዶሻዬ አዳነው» እያልኩ አወራሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ የልጄን ድርሻ ሳህኑ ላይ እንዳለ መልሳ ስትወስድ አየሁ። «ዛሬም?» አልኩ።

«ዛሬም ትላለህ እንዴ? ከሰነበተ እኮ ነው። አንተ የምታየው ድንጋይህን ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ የአህያዋ ነገር ሙሉውን ትዝ አለኝ። መደንገጧን ስትተው ጭዷንም ትታው ነበር። ውሃ ሲያቀርቡላት ከንፈሯን አታርስም ነበር። አልለመደችም፤ ከራሷ ውስጥ ወጥታ ነበር የሄደችው። ይህንን በዐይኔ አይቼው ነበር። ከታሪኩ የያዝኩት ግን አለቃዬ የወደደውን ግማሽ ብቻ ነው።

ለልጄ ይህንን ሳልነግራት ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከአንዲት ተማሪ ጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራይታ ከቤት ወጣች። አልተጣላችኝም። ልብሷን በሻንጣ ሰብስባ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

መዶሻውን ከግቢ አውጥቼ ላያት ሄድኩ። ወንበር ሰጠችኝ፤ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እያወራን ሳለ አውሮፕላን አለፈ። እሷ ሁለት እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ትንፋሿን ረዘም አድርጋ ለቀቀች። ከዚያ ዐይኗ ወደ እጄ ሄደ። ቡጢ ጨብጬ ነበር፤ ጣቶቼ ነጥተዋል። እኔ አላወቅሁም።

«አቦይ፣ እጅህን ክፈት» አለችኝ።

«ክፍት ነው።»

«አይደለም። ጫማህን አውልቅ እስቲ።»

አወለቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ ልጄ መተንፈስ አስተማረችኝ። ትከሻዬ ዝቅ ሲል እንባዬን እንዳታይ ፊቴን አዞርኩ። እሷም ወደ መስኮቱ አየችልኝ።

«መዶሻውን አውጥቼዋለሁ፤ ዳግም ግቢ አይገባም» አልኳት። «ወደ ቤት ተመለሺ።»

«አንተን አምኜሃለሁ አቦይ» አለች። «ሰውነቴ ግን ገና ነው።»

ሰውነት እንደ ሰው በይቅርታ እንደማይመለስ ያን ዕለት ተረዳሁ። ልጆች ላላችሁ የምለው ይህንኑ ነው፦ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የበረታ አይምሰላችሁ።

አሁን እሑድ እሑድ ትመጣለች። ግቢውን ቀድሜ እጠርጋለሁ፤ የድንጋይ ፍቅፋቂ ግን መጥረጊያ ከሚደርስበት ይልቅ ጠልቆ ይገባል፣ እግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። የብረት በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። ደፉ ላይ ትቆማለች፣ ታዳምጣለች፤ እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ እጆቼን ከፍቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቃታለሁ። ባለፈው እሑድ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣ ከምሳዋ ግማሹን በላች። ከዚያ ጫማዋን አደረገችና ወደ ክፍሏ ሄደች።