ከምንጩ በታች ላሉት የቆሙት እትዬ ሙኒራ

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ ወይዘሮ ሙኒራ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ የማረዳው በመሪር ኀዘን ነው። ከቢሮ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ፤ ሆስፒታል ቢደርሱም ነፍሳቸው አልተረፈችም። በእምነታቸው ሥርዓት ዕለቱን ስለተቀበሩ ብዙዎቻችን መርዶውን የሰማነው አፈር ከለበሱ በኋላ ነው። ቆሜ ያልተሰናበትኳቸውን አለቃዬን በዚህ ጽሑፍ ልሰናበት።

እትዬ ሙኒራ ፎንቆ ተወልደው ሆሳዕና የኖሩ፣ ባለቤታቸውን በወጣትነታቸው ያጡ፣ አንዲት ልጃቸውን በኪራይ ቤት ያሳደጉ ሴት ነበሩ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ከእሳቸው ሥር ስመደብ ከወንበሬ አስነሥተው ቦቲ ጫማ ሰጡኝ። «ሰነዱን በኋላ ታነበዋለህ፤ መጀመሪያ ቦታውን እርገጠው» አሉኝ።

ያኔ የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ማኅበር፣ ወደ ዱራሜ ከሚወስደው መንገድ በታች ባለው ተዳፋት ላይ የመኖሪያ መንደር ለመሥራት ጠይቆ ነበር። ተዳፋቱ ላይ ረግረግ አለ፤ ከረግረጉ ሥር ምንጭ ይወጣል፤ ከምንጩ በታች እንሰት የተከሉ ገበሬዎች ይኖራሉ። ግንባታው በአካባቢው ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ የእትዬ ሙኒራ ሥራ ነበር። እሳቸውም የማኅበሩ አባል ነበሩ። ስንት ዓመት የጠበቁት ቤት የሚሠራው እዚያው ላይ ነው።

አማካሪው ያቀረበው ሰነድ «ጉልህ ተፅዕኖ የለውም» ይላል። እሳቸው ግን ዝናብ እየዘነበ ይዘውኝ ወረዱ። ምንጩ ዘንድ ጀሪካን የሚሞሉትን ሴቶች በሀዲይኛ ሰላም ብለው የእነሱንም የልጆቻቸውንም ስም ጠየቁ። ልጇን ያዘለችው ዳመቀች «ለምን ነው?» ስትላቸው «ልወቃችሁ ብዬ» አሏት። ስንመለስ ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦ «የሽንት ቤት ጉድጓድ ከመፍቀድህ በፊት ከታች ሆኖ የሚጠጣውን ሰው በስሙ እወቀው። ያኔ እጅህ ቶሎ አይፈርምም።»

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የደረሱበትን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። «ረግረጉን ትታችሁ ወደ ላይ ሽሹ። ቦታው ያንሳል፤ ለሁሉም አይበቃም። ሲቀነስ መጀመሪያ የእኔን ሰርዙት።»

አንድ መምህር ብድግ አሉ። «እርስዎ ይጠብቁ! እኛ ልጆቻችን በሰው ግቢ ‹አትጩኹ› እየተባሉ ማደጋቸው መሮናል!»

«የእኔም ልጅ እንዲሁ ተብላ ነው ያደገችው፣ ጋሼ» አሉ እትዬ ሙኒራ በቀስታ። «ቤቱን አልጠላሁትም። የሌላውን ውሃ አበላሽቼ መግባት ነው ያቃተኝ።»

የደገፋቸው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ጉዳዩ ከእጃቸው ወጥቶ ለሌላ ባለሙያ ተሰጠና ጸደቀ። ከዚያ ወዲያ የማኅበሩ ሰዎች ለቅሶ ቤት ሲያገኟቸው እንኳ አጠገባቸው አይቀመጡም ነበር።

በተከታዩ ክረምት ዶዘሩ የቆረጠው ተዳፋት በጎርፍ ወረደ። ቀይ ጭቃ እንሰቱን አለበሰው፤ ምንጩ ደፈረሰ። የዳመቀች ልጅ በተቅማጥ ሲዝል እትዬ ሙኒራ በባጃጅ ሆስፒታል ወስደው እስኪሻለው አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያም ቤት ለቤት እየዞሩ «እባካችሁ ውሃውን አፍሉት» ይሉ ጀመር።

ዳመቀች የቀዳችውን ውሃ አሳየቻቸው። «እትዬ፣ ጭቃ ሲፈላ ውሃ ይሆናል?»

እትዬ ሙኒራ መንገድ ላይ ስንወጣ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያልጠኑት የኃላፊ ደጅ የለም። በሁሉም ዘንድ መልሱ «ያለቀ ጉዳይ ነው» ነበር። በወደቁበት ዕለትም ይህንኑ ሰምተው እየተመለሱ ነበር። የሞቱት በዚያው ኪራይ ቤት እየኖሩ ነው።

እትዬ ሙኒራ፣ ትናንት ብቻዬን ወርጄ ነበር። ምንጩ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተከምሮበታል። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ሩቁ ወንዝ መሄድ ጀምረዋል። ሞትዎን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ዳመቀች መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰችና «እንግዲህ ለማን እንናገር?» አለችኝ። «ለእኔ» ማለት አቃተኝ፤ እርስዎን ያልሰሙ እኔን አይሰሙማ።

የተማርኩት ሁሉ ከእርስዎ ነው፤ ተስፋ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ግን አላስተማሩኝም። ምናልባት እርስዎም አያውቁትም ነበር። አላህ ይዘንልዎ፣ እናቴ። ደህና ይሁኑ ስልዎ የተጽናናሁ እንዳይመስልዎ፤ አልተጽናናሁም።