የአዴ ጫልቱ ጣሳ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው መሳደቤን ስዘረዝር ይቺን እያለፍኳት ኖሬአለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ንስሐ ልትሰጡኝ ስለማትችሉ ይሆን? እንጃ።

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ላይ የሱቅ ሰሌዳ እጽፍ ነበር። ከሰሌዳው ጋር ምክርም እሸጣለሁ፤ ደንበኛ እንዴት እንደሚጠራ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚወደስ። "ለራስህ ደስ እንዲልህ አትጻፍ፤ መጀመሪያ የሚያነበው ማን እንደሆነ እወቅ" እል ነበር። ጥሩ ምክር ነው። ስለዚህ የሠራሁትን ሳላውቅ ሠራሁት ማለት አልችልም።

አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች ጠላ ሸጠው የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ደጃቸው ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይቆማል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ከሌለ አልተጠመቀም። ከመናገሻ በኩል ለቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ቀና ብሎ ያንን ጣሳ አይቶ ነው የሚገባው። ፊደል የቆጠረ ከመሃላቸው ማግኘት ጭንቅ ነበር።

ባለቤቴ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ጣሳ ሰቅላ ጠላ ቤት ከፈተች። ጠላዋ ውሃ ውሃ ይላል። ሰው አንዴ ቀምሶ ወደ አዴ ጫልቱ ይሻገራል። ቅናት አንገበገበኝ፤ አዎ፣ ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

አንድ ቀን ሄድኩና "አዴ፣ ጣሳ እኮ ድሮ ቀረ። አሁን ሰው የሚያምነው የተጻፈ ነው። በነጻ ልጻፍልዎት" አልኳቸው።

"እኔ ፊደል መች አውቃለሁ፣ ልጄ?"

"ደንበኛዎ ያውቃል" አልኩ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም አሳምሬ ጻፍኩ። ጣሳውን በገዛ እጄ አወረድኩት። ለባለቤቴ ወስጄ ሰጠኋት፤ የጌሾ መስፈሪያ አደረገችው።

ቅዳሜ ገበሬዎቹ መጡ። ቀና ቢሉ ጣሳ የለም። አንዱ ደጄ ላይ አገኘኝና "አካም፣ አዴ ጫልቱ ዛሬ ፋርሶ የላቸውም እንዴ?" አለኝ። ፋርሶ የሚለው ጠላውን ነው። "አልጠመቁም" አልኩትና እየሳቅኩ ወደ ባለቤቴ አስገባሁት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ?

የአዴ ጫልቱ ጠላ ጋን ውስጥ ኮምጥጦ ተደፋ። እንደገና ጠመቁ፤ ያም ተደፋ። መጥተው "ልጄ፣ ጣሳውን ብመልሰው ምን ይመስልሃል?" አሉኝ። መድኃኒቱን ራሳቸው አግኝተውት ነበር።

"ሰሌዳ ላይ ጣሳ? ሰው ይስቅብዎታል! ይልቅ እጅዎን ይመርምሩ፤ ጠላው ነው የተበላሸው" አልኳቸው።

ከዚህ የባሰ ጭካኔ ታውቃላችሁ? ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያምኑት ያንኑ እጃቸውን ነበር። አቀርቅረው እጃቸውን እያዩ ሄዱ። እኔም ገብቼ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

በመጨረሻ ጋኖቻቸውን ሸጡ። ትልቋ ልጃቸው አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጠረች። እሳቸው ሁለቱን ልጆች ይዘው ከሰበታ የወጡ ዕለት በደጄ አለፉ። ሰሌዳውን በነጠላ ጠቅልለው አዝለውታል። አውርደው ፊቴ አቆሙትና "የሚለውን አንዴ አንብብልኝ" አሉ።

"ጥሩ ጠላ እዚህ አለ" ብዬ አነበብኩ።

"ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው" አሉ። "አንተማ በደንብ ጽፈህልኝ ነበር። እጄ ከድቶኝ አሳፈርኩህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። በዚህ ነገር ይቅርታ የተለመንኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን መልሼ ጀርባቸው ላይ እያደረግኩላቸው፣ "ይቅር ብዬዎታለሁ" አልኳቸው።