ሁለት ወንበር የሚይዝ በረንዳ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ክሬሰንት ታውን

ከሕንፃችን ስንወጣ ሰማዩ ገና አመድማ ነው። ባለቤቴ ታምራት አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን አድሮ፣ ልብሱን ብቻ ቀይሮ፣ አሁን ደግሞ የእኛን ሻንጣ ወደ መኪናው ይጭናል። መሪውን እኔ ያዝኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ቀበቶውን ሳያስር ማዛጋት ጀመረ። ከኋላ እትዬ ወይንሸት አሉ፤ የልጃችን የሃና የክርስትና እናት ናቸው። ቶሮንቶ በስደት የገባን ሰሞን የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፍነው እሳቸው ሳሎን ፍራሽ አንጥፈን ነው። ስለዚህ እሳቸውን አንቱ ማለት ለእኛ የወግ ነገር ብቻ አይደለም።

መድረሻችን ሞንትሪያል ነው። ከዚያ በመርከብ የሴንት ሎውረንስን ወንዝ ይዘን እስከ ውቅያኖሱ እንወርዳለን፣ በዚያው እንመለሳለን።

ለዚህ ጉዞ አንድ ነገር ቆርጬ ተነሥቻለሁ፦ በረንዳ ያለው ክፍል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ከፍሎሪዳ የተነሣነው በሌላ ኩባንያ መርከብ ነበር፤ ርካሽ ነው ብለን መስኮት የሌለው ክፍል ያዝን። በኩባንያው አላማርርም። ግን የሌሊት ሠራተኛ ጨለማ ክፍል ካገኘ ምን ያደርጋል? ይተኛል። ታምራት ካሪቢያንን በሙሉ ተኝቶ አለፋት። ብቻዬን በላሁ፣ ብቻዬን ፀሐይ ሞቅሁ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ፎቶ አንሡኝ እያልኩ ተመለስኩ።

እኔ ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ አነሣለሁ፣ እሱ ሌሊት ይሠራል። ለዓመታት የኖርነው በር ላይ እየተላለፍን ነው። ሃና ቤት እያለች በእሷ በኩል እናወራ ነበር፤ «ለአባትሽ ንገሪው፣ ለእናትሽ ንገሪያት» እየተባባልን። ሃና ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቤቱ ጭር አለ፣ እኔም ፈራሁ። ከዚህ ሰው ጋር የምናወራው ነገር ይኑረን አይኑረን ማወቅ ፈለግሁ። ለዚህ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ሁለት ወንበርም ያስፈልጋል።

ደግሞም አዲስ ኩባንያ ስትሞክሩ ምግቡን አታውቁትም፣ ሰዉን አታውቁትም፣ ከላይ ፎቅ ባዶ ወንበር መቼ እንደሚገኝ አታውቁም። ቢያንስ የራሳችሁ ደጅ ይኑራችሁ። የመርከቡን ካርታ እንደ ተማሪ አጠናሁት። ብዙ እንዳይንጠን ከመሃል፤ የነፍስ አድን ጀልባ እንዳይጋርደን ከጀልባዎቹ ራቅ ያለ፤ ጠዋት ወንበር ሲጎተት እንዳንሰማ ከመዋኛው ሥር ያልሆነ። ወንዙን ስንወርድ ገደሎቹ የሚታዩት በግራ ነው ስለተባለም ግራውን ያዝኩ።

«ባልኮኒ እኮ እቤት አለን» አለኝ ታምራት ያኔ።

አለን፣ እውነቱን ነው። አራት የበረዶ ጎማ፣ የሃና አሮጌ ብስክሌትና የማይሠራ የምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪዩም ተቀምጦበታል። «ቡክ አድርጌዋለሁ» አልኩት፣ ወሬው በዚያ አለቀ።

ረፋድ ላይ፣ ኪንግስተን አካባቢ

አውራ ጎዳናው ቀጥ ያለ ነው። በግራ በቆሎ፣ በቀኝ በቆሎ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጫፉ ቀላ ያለ የሜፕል ዛፍ። የጭነት መኪኖቹ እንደ አጥር ተሰልፈው ይሄዳሉ። ታምራት አፉን ከፍቶ ተኝቷል። መንገድ ዳር ካለ ማረፊያ ቡናና ቂጣ የመሰለ ደረቅ ዳቦ ገዛን፤ ዋጋው ከቶሮንቶ ይብሳል።

እትዬ ወይንሸት ዘግይተው ስለተመዘገቡ በረንዳ ያለው ክፍል አልቆባቸው መስኮት የሌለው የደረሳቸው መሰለኝ። አዝኜላቸው ይከፋዎት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሳቸው እንኳን ግድ የላቸውም፤ ለመተኛ ያህል ምን አነሰኝ አሉና ዳቦውን ቡና ውስጥ ነከሩት። ይህን በደንብ መስማት ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሞንትሪያል ወደብ

መርከቡ ከሩቅ ሲታይ የእኛን ሕንፃ በጎኑ ያስተኙት ይመስላል። ፍተሻው፣ ሰልፉ፣ ፈረንሳይኛው አልፎ ክፍላችን ገባን። አልጋውን እንኳ ሳላይ የመስተዋቱን በር ስቤ ወጣሁ። ሁለት ወንበር፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወዲያ ወንዙ። ሁለቱም ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀመጥኩ።

ወዲያው እትዬ ወይንሸት ክፍላችንን ሊያዩ መጡ። በር ላይ ቆመው አጨንቁረው አዩና «ጎሽ፣ ደህና መርጠሻል» አሉኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ማብቃት ነበረብኝ። ግን እሳቸው እዚያ ጨለማ ክፍል፣ እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ፤ ያንን ፍራሽ አስታወስኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ይሁኑ፤ እኛ እርስዎ ክፍል እንሆናለን» አልኳቸው።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። እኔ እላለሁ፣ እሳቸው «ኧረ ተዪኝ» ይላሉ። እኔ «በሞቴ» እላለሁ፣ እሳቸው «አይሆንም፣ ምን በወጣሽ» ይላሉ። ሁለታችንም ተከባብረን እኔ በረንዳዬ ላይ እቀራለሁ። እስከ ሁለተኛው ድረስ ነገሩ በደንቡ ሄደ። እኔ ግን ማቆሚያውን አለፍኩት። እጃቸውን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «አፈር ስሆን እትዬ» አልኳቸው።

እትዬ ወይንሸት እጄን ደባበሱ። «እንዲህማ ካልሽኝ እሺ» አሉ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ታምራት ያወረደውን ሻንጣ መልሶ አነሣና ቁልፍ ተለዋወጥን። በኮሪደሩ እየሄድን ቃል ይተነፍሳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ የሚያውቃት ተረት አንዲት ናት፦ ዝም አይነቅዝም። ጨለማው ክፍል ገብተን እኔ ልብሴን ሳልሰቅል አንኮራፋ።

እሑድና ሰኞ፣ ከኬቤክ ወደ ሳግኔ

ኬቤክ ከተማ ድንጋይ ናት፤ ግንቡ ድንጋይ፣ መንገዱ ድንጋይ፣ ደረጃው ጉልበት የሚፈትን ድንጋይ። የአገሩን የአተር ሾርባ በላሁ፤ በርበሬ የረሱት ክክ ወጥ ነው፣ ግን በብርድ ይሞቃል። እትዬ ወይንሸት እግሬ አይችልም ብለው ከመርከቡ አልወረዱም። ታምራት ተኝቷል። ሻጩ «ለስንት ሰው?» ሲለኝ ባዶውን ወንበር አይቼ ለአንድ አልኩት።

በማግስቱ የሳግኔ ወንዝ ከትልቁ ወንዝ የሚገናኝበት ስንደርስ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ንፋሱ ሻሼን ሊነጥቀኝ ይታገላል። ሰዉ ሁሉ በግራ በኩል ተደገፈ፤ ግራውን መምረጤ ልክ ነበር፣ በረንዳው ብቻ የለም። ያኔ ከውሃው አንድ ነጭ ጀርባ ወጣ። ነጭ፣ እንደታጠበ ነጠላ ነጭ። ዓሣ ነባሪ ነው አሉ። ሌላ ወጣ፣ ከጎኑ ትንሽ ግራጫ ግልገል።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። ክፍሉ ድቅድቅ ነው። ትከሻውን ነቅንቄ «ታምራት፣ ተነሥ፣ ዓሣ ነባሪ፣ ከነልጁ» አልኩት። «እህም» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዓሣው አልነበረም። ያየሁትን የምነግረው ሰው አጠገቤ ተኝቶ እያለ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ከሰዓት መርከቡ ቆመና ወደቡ ላይ ብቻዬን ተንሸራሸርኩ። ገደሉ ከውሃው ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ጥዱ ከገደሉ ላይ። ቀና ብዬ በረንዳዬን ፈለግሁ፤ ካርታውን ስላጠናሁት አላጣሁትም። የሌሎቹ በረንዳ ላይ ሰው ወጥቶ ፎቶ ያነሣል። የኔው ላይ መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ተዘግቷል፤ ሁለቱ ወንበሮች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ተናደድኩ፤ ደግሞ ቆረጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለታላቅ ሰው የሰጠሁትን ነገር ይመልሱልኝ ብዬ አላውቅም። እናቴ ብትሰማኝ ፊቷን ትሸፍናለች። ግን ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም፤ ያን ዕለት መድፈር ነበረብኝ። የመጣው ይምጣ ብዬ ወጣሁና በራቸውን አንኳኳሁ።

እትዬ ወይንሸት በመብራት ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ውጭ ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልል ነው፤ ባለጌ ነች ይበሉኝ» አልኳቸው። «ክፍሉን ይመልሱልኝ። ታምራት ጨለማ ካገኘ አይነቃልኝም። ባለቤቴን ካጣሁት ቆየሁ፤ እዚህ ላገኘው ነው የመጣሁት።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ ጥለው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«እኔ እዚህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አሉኝ። «መጋረጃውን ስከፍተው ውሃው አልጋዬ ላይ የሚመጣብኝ ይመስለኛል። መስኮት የሌለውን ወድጄ ነው የያዝኩት።»

«ታዲያ እሺ ለምን አሉኝ?»

«አፈር ስሆን ብለሽ ስትለምኚኝ እንዴት እምቢ ልበል? አንዴ ከተቀበልኩ ደግሞ ውሰጂው ብልሽ፣ ስጦታዬን ናቁብኝ ትያለሽ።» ነጠላቸውን አነሡ። «ነይ፣ ሻንጣዬን ያዢልኝ። ቶሎ በይ፣ ሐሳብሽን ሳትለውጪ።»

ሁለት አሮጌ ጨዋዎች፣ አንዳችን ብርሃን፣ አንዳችን ጨለማ እየናፈቅን፣ ተከባብረን ልናልቅ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ

ሰኞ ማታ መጋረጃውን ከፍቼ ተኛሁ። ማለዳ ታምራትን ሳልቀሰቅስ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱን ብርሃኑ ቀሰቀሰው። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ በባዶ እግሩ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። መሬት አይታይም። ፀሐይዋ ከውሃው ስትወጣ ፊቱ ላይ አረፈች፤ ጢሙ እንዲህ መሸበቱን እስከዚያ ቀን አላየሁም።

ዓሣ ነባሪውን ነገርኩት፣ ግልገሉን ጭምር። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ውሃውን እያየ ተናገረ።

«የሌሊቱን ሺፍት የያዝኩት ሃናን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ሰው እንዲኖር ነበር። አሁን ሄዳለች፤ ወደ ቀን ቀይሩኝ ብላቸው ይቀይሩኛል። ያልጠየቅሁት...» ብርድ ልብሱን ሰበሰበ። «ማታ ማታ ቤት ብቀመጥ ምን እንደማወራሽ አላውቅም። እሱን ፈርቼ ነው።»

በእኔ ልብ የነበረው ያው ፍርሃት ነበር፤ እሱም ለብቻው ተሸክሞት ኖሯል። ልቆጣው አልቻልኩም።

«የመጣልህን አውራ» አልኩት። «እኔ መቼ ቁም ነገር አልኩህ?»

ስለ ምን እንዳወራን ብትጠይቁኝ ለጽሑፍ የሚሆን አይደለም። ስለ አለቃው ጉትቻ፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ንፉግነት፣ ሻንጣ ውስጥ ሰው ስለሚጭነው ጉድ። ቁርስ አመለጠን። እትዬ ወይንሸት በምሳ ሰዓት ሲመጡ ፊታቸው አብርቷል፤ ተኝተው ነው ያደሩት።

በቀሩት ቀኖች ስላየናቸው ወደቦች ብዙ አልጽፍም። ሃሊፋክስ ደስ ትላለች፣ ዓሣዋ ትኩስ ነው፣ ዝናቧ ሰው አይጠይቅም። ስንመለስ ግራው ወደ ሌላው ዳር ዞረና ሜዳና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየን። ኩባንያው ምግቡ መካከለኛ፣ ሠራተኞቹ ትሁት። በረንዳውን ያዙ እላለሁ፤ ከያዛችሁት ደግሞ ለማንም አፈር ስሆን አትበሉ።

በተመለስን ማግስት ከሥራ መልስ፣ ክሬሰንት ታውን

ወደ ሥራ የተመለስኩበት ቀን ነው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ አንዱ ተበላሽቶ ሌላውን ጠብቄ ወጣሁ። በዚህ ሰዓት ታምራት ከባድ መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል፤ ቁልፉን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብዬ አዞርኩት።

ሳሎኑ በብርሃን ተሞልቷል፤ የበረንዳው በር ተከፍቷል። ብስክሌቱ የለም፣ ቫኪዩሙ የለም፣ ጎማዎቹ የሉም። ሲሚንቶው ታጥቦ ገና አልደረቀም። ሁለት ታጣፊ ወንበር ተዘርግቷል፣ አንዱ ላይ ታምራት ተቀምጧል።

«ጎማዎቹስ?» አልኩት።

«ሃና ክፍል ናቸው። ለገና እስክትመጣ መኪናው ላይ ይገባሉ።»

«እንቅልፍህስ?»

«ዛሬ ራሴ ነቃሁ» አለና ባዶውን ወንበር ገፋ አደረገልኝ። «ተቀመጪ፣ የመጣልኝን ላውራ።»

ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ተቀመጥኩ። ከታች ባቡሩ ወደ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ እየገባ ነበር። ከጎማዎቹ ጀመረ።