ዋናውን በር የጠየቀችው ናኢማ

ናኢማን ያወቅኋት በሆዷ ነው። ቀን ቀን እኔ ዘንድ ምሳ ትበላለች፤ ከበላች በኋላ ካልተጨቃጨቅን ለሁለታችንም አይመቸንም። እኔ ምንታምር እባላለሁ። ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ከናይሮቢ አውቶቡስ ትኬት ቢሮ ፊት ለፊት የሾፌሮች ማደሪያ አለኝ። አለኝ ስል የኔ አይደለም፤ ግቢውን ከባለቤቱ በጅምላ ተከራይቼ ክፍል ክፍሉን ለሎሪ ሾፌሮች አከራያለሁ።

የዚህች ልጅ ሥራ የገባኝም በዚሁ ነው። ቀን የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ተቀጥራ የጉምሩክ ሰነድ ታዘጋጃለች። ከዚያ ሌላ የራሷ ንግድ አላት፤ ከአንድ ኩባንያ የኢንተርኔት ቦታ በጅምላ ትከራይና ቆራርሳ ድረ ገጽ ለሚፈልግ ሰው በራሷ ስም ታከራያለች። "ሆስቲንግ ነው እትዬ" ብላ ልታስረዳኝ ስትጀምር "ተይው፣ አንቺም እንደኔ ማደሪያ ከፍተሻል" አልኳት። ሳቀች። "ልክ ነዎት፤ የክፍሎቹ ቁልፍ ሁሉ የሚንጠለጠልበት ሰሌዳም አለኝ።" ኮንትሮል ፓነል ይሉታል፤ ደንበኞቿም የየራሳቸው ትንሽ ሰሌዳ አላቸው። የደንበኛ ገጽ ሲበላሽ እሱን ከፍታ ነው የምትጠግነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ሰሌዳ ነው። ኩባንያውን የመረጠችው በርካሽነቱ ነበር። እሁድ ቀን ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቡቲዬ፣ ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ቤት ሆና ሞከረችው፤ ተከፈተላት፤ ከፈለች። ሰኞ በምሳ ሰዓት ቢሮ ሆና ብትሞክረው እምቢ አለ። የቢሮው ኔትወርክ ዘግቶታል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኳት፤ ምን ልበላት? ስልኳ ያረጀ ነው፣ ያን ሰሌዳ አይሸከመውም። ቤቷ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ተሸክመው የሚዞሩት ዓይነት አይደለም። እናም ቀን የተበላሸ ገጽ እሷ ቡቲዬ እስክትገባ ተበላሽቶ ይውላል።

ትልቁ ደንበኛዋ የጎልቦ ግመል ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ከገበያ በፊት የግመሎቻቸውን ፎቶ ገጹ ላይ ያወጣሉ፣ የሩቅ ገዢዎች አይተው ይደውላሉ። አንድ የገበያ ቀን ገጹ ረፋድ ላይ ወደቀ። ናኢማ ቢሮ ቁጭ ብላ እያየች ምንም ማድረግ አልቻለችም፤ እስክታነሣው ገዢው ሌላ ዘንድ ሄዷል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ኦቦ ቃሊቻ እኔው ግቢ መጥተው፣ ረጋ ብለው፣ "ልጃችን ስለሆንሽ ነው ዝም ያልነው። አንድ ጊዜ ከደገመ ግን ናይሮቢ ላለ ሰው እንሰጠዋለን" አሏት። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

በማግስቱ የልብስ ቦርሳዋን አምጥታ እኔ ዘንድ አስቀመጠች። "ማኅበሩ ከሄደ ሌላውም ተከትሎ ይሄዳል። ንግዴ ከወደቀ እኔም ናይሮቢ አክስቴ ጋ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ደሞዝ ብቻ ቤቱ አይቆምም" አለች። እናቷ ካልቱማ ቡቲዬ ላይ ከፍየሎቿ ጋር ብቻዋን ልትቀር ነው። እኔስ? በማን ላይ ልጮህ ነው? ይህን ግን አልነገርኳትም። "በይ ቦርሳሽን አልጋ ሥር አስገቢው፣ መንገድ ዘጋብኝ" አልኳት።

የሞያሌ ሰው ደግሞ ታውቁት የለ? በር ሲዘጋበት አያንኳኳም፣ ዞሮ ይሄዳል። ድንበሩን በስውር የሚያሻግሩትን ቀጫጭን መንገዶች ፓንያ እንላቸዋለን፣ የአይጥ መንገድ ማለት ነው። ለችግር ሁሉ ፓንያ ያለው ይመስለናል። ወንድሟ ሰሊም "የቢሮውን አጥር በስውር የሚያሻግር ቪፒኤን ልጫንልሽ" አላት። እኔም አፌን ሞልቼ "ይጫንልሽ! ማን ያይሻል?" አልኩ። ምሳ የሚበሉት ሾፌሮች አጨበጨቡ።

ናኢማ ዓይኗ ቀላ። "አለቃዬ ማዳም ማርጋሬት በምሳ ሰዓት የራሴን ሥራ እንድሠራ የፈቀደችልኝ አምናኝ ነው። የሷን ኔትወርክ በፓንያ ልሻገርበት? ብያዝ ደሞዜም ይቀራል፣ ስሜም ይጠፋል። እርስዎም ይሄን ይመክሩኛል እትዬ?"

አፈርኩ። ሾፌሮቹን "እናንተ ደግሞ ምን ታጨበጭባላችሁ!" ብዬ ተቆጣኋቸው።

በሚቀጥለው ቀን የቢሮውን የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ብራያንን፣ በግልጽ ጠየቀችው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ አስረዳት። ድረ ገጽ ሁሉ የሚገባበት አንድ የታወቀ በር አለ፤ ቢሮው የሚከፍተው እሱን ብቻ ነው። የሷ ሰሌዳ የሚመጣው ደግሞ በሌላ ቁጥር፣ በጎን በር ነው። "የጎኑን በር እኔ አልከፍትልሽም፤ ትእዛዙ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በዋናው በር ለሚመጣ ነገር ግን ማንም አይከለክልሽም" አላት።

ምሳ ላይ ይህን እየነገረችኝ ማንኪያዋ አየር ላይ ቆመ። "እትዬ! ለካ በፓንያ የሚመጣው ሰሌዳው ነው! በዋናው በር የሚያስገባ ኩባንያ ብፈልግስ?"

"እንዲህ ያለ አለ እንዴ?"

"እጠይቃለኋ!" አለችና ሩዙን ትታ ተነሣች። ያን የመሰለ ሩዜን! ግን መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

ከዚያ በኋላ ዋጋ ቀድማ ስትጠይቅ አልሰማኋትም። ለየኩባንያው የምትጽፈው አንድ ነገር ነው፤ "የእኔም የደንበኞቼም ሰሌዳ ድረ ገጽ በሚገባበት በተለመደው በር ይከፈታል ወይ?" አንዱ መልስም አልሰጣት። ሌላው "እኛ ጋ የማይሠራ ነገር የለም እህቴ፣ ክፈይ ብቻ" አላት። "እንዲህ የሚል ደላላ ስንቱን አይቻለሁ፣ ተይው" አልኳት፤ ይሄኛው ምክሬ እንኳ ደህና ነበር። አንደኛው ግን፣ ትንሽ ይወደዳል እንጂ፣ "አዎ፣ ሁለቱም በዋናው በር ይከፈታሉ፤ በዚህ አድራሻ ግቢ፤ ሳትከፍዪ እዚያው ቢሮሽ ሆነሽ ሞክሪው" ብሎ መለሰላት። በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ፣ ብራያን አጠገቧ ቆሞ እያየ ሞከረችው። ተከፈተ። እሰይ! የደንበኞቿን ገጽ ሁሉ ወደዚያ አዛወረች። ቦርሳዋን ግን ከአልጋው ሥር አላወጣችም። "ገበያው ይፈትነው፣ ከዚያ ኢንሻላህ" አለች።

የገበያው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሾፌር ስልኩን ይዞ መጣ። "እትዬ፣ የግመሎቹ ገጽ እኮ አልከፈት አለ።" የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ናኢማ የለችም። ሳህኗን ከድኜ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሮቹ ሻይ ጨምሪ ሲሉኝ ራሳችሁ ቅዱ አልኳቸው።

የሥራ መውጫ ላይ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "እትዬ፣ ቦርሳዬን ይስጡኝ" አለች።

"ውሰጂው!" አልኩ። "ሂጂ! ናይሮቢ ሳህን ከድኖ የሚጠብቅሽ ካገኘሽ እሰየው! እናትሽን ማን ያይልሻል? እኔስ ሰው አይደለሁም? ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ይህቺ ምሳ ሰዓት ነበረች ያለችኝ!" አለቀስኩ፤ ሾፌሮቹ ፊት።

ናኢማ አጠገቤ መጥታ ቆመች። "ገጹ ወድቆ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ!"

"የጎልቦ ልጆች ትልልቅ ፎቶ ጭነው ጭነው ቦታውን ሞሉት። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅሁ። ከዚያ ሰሌዳውን ከጠረጴዛዬ ከፍቼ ቦታ ጨመርኩላቸው፤ ገጹ ወዲያው ተነሣ። እንዳይደገም ፎቶዎቹን ሳሳንስ ግን የምሳ ሰዓቴ አለቀ። ኦቦ ቃሊቻ አሁን ደወሉልኝ። ገዢው ፎቶውን አይቶ እየመጣ ነው። 'ከአንቺ ወዴትም አንሄድም' አሉኝ።"

"ታዲያ ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?"

"ምሳ አልበላሁማ እትዬ!"

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ሳህኑን ከፍቼ ሰጠኋት፤ እስክትጨርስ ድረስ ዓይኔን በነጠላዬ ስጠርግ ቆየሁ። ከዚያ ቦርሳዋን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁላት፤ አቧራውንም አራገፍኩ።

ከመንገዱ ማዶ የናይሮቢው አውቶቡስ ዕቃ እየጫነ ነበር። ናኢማ በአጠገቡ አለፈችና ቦርሳዋን ታቅፋ ቦዳቦዳ በምንለው የኪራይ ሞተር ላይ ተቀመጠች። ሞተረኛውን "ቡቲዬ" ስትለው ሰማሁ።

"አንቺ ልጅ! ነገ ምሳ ሰዓት ብትቀሪ ወዮልሽ!" ብዬ ጮህኩባት።