ዘፈኑን ያስደገመው ወታደር

ኢተፋን የማያውቅ የዓለም ገና ሰው ካለ ባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲነዳ ጉልበቱ ከመሪው ጋር የሚጋጭ ሰውዬ ነው። ሥራው ሹፍርና ይባል እንጂ እኔን ከጠየቃችሁ ዋና ሥራው መስማት ነው። ከኋላው የጭነት መኪና ጡሩምባ ቢነፋ አይሰማም፤ የክራር ክር ትንሽ ከወረደች ግን ፊቱ ይጨማደዳል። ራሱ ሲዘፍን ግን አያድርስ ነው። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ሊያንጎራጉር ሲጀምር ደንበኞቼ እንዳይሸሹ ብዬ አስወጥቼዋለሁ።

እኔ የሺወርቅ እባላለሁ። መርካቶ ተወልጄ አድጌ፣ የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ እዚህ የጣለኝ ሴት ነኝ። ጅማ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር የሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ። ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ሰላም እላለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ሲያናድዱኝ እሳደባለሁ፣ ከዚያ ካለፈ አንገቴን መነቅነቅ ነው።

በ2007 አንድ ሰኞ ጠዋት ኢተፋ ሚሞሪ ካርዱን ይዞ መጣና አንድ ነገር ኮምፒውተሬ ላይ እንዳስቀምጥለት ለመነኝ። ከፍቼ ሰማሁት። ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ያስላል፣ በር ይንቋቋል፣ ከሩቅ ደግሞ አንዲት ሴት በክራር ትዘፍናለች። ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የጤና ጣቢያ ወረፋ ብዬ ሳቅኩበት። እሱ ግን አልሳቀም። ባለፈው እሑድ ገብስ የያዘች ተሳፋሪ ሰበታ መውጫ ላይ ወዳለው ወደ ኦቦ ባጫ ወፍጮ ቤት ማድረሱን፣ ወፍጮው እሑድ ስለማይሠራ ተዘግቶ ማግኘቱን፣ ከእህል መጋዘኑ ውስጥ ግን ድምፅ መስማቱን ነገረኝ። ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ተሳፋሪዋ ብትጠራው፣ ብትሰድበው አልሰማም፤ በመጨረሻ ገብሷን ተሸክማ በእግሯ ሄደች አለኝ።

የምትዘፍነው ጠጅቱ ነበረች። የዚያው ሰፈር ገበሬዎች ልጅ ናት፣ ያኔ ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት ቢሆናት ነው። የኦሮምኛ ዘፈኖቿን ራሷ ነው የምታወጣው። አንድ ጊዜ ክራሯን ይዛ አዲስ አበባ ወደ አንድ ዘፈን አሳታሚ ሄዳ፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ቢት ይግባበት፣ የሚያስጨፍር ይሁን፣ ክሊፑንስ ማን ይችልልሻል ብለዋት ተመልሳለች። ቢት የሚባለውን ነገር አላስገባችም። የኦቦ ባጫ መጋዘን ቆርቆሮና ጆንያ ድምፅ ያሳምራል ብላ፣ እሑድ ከሰዓት ለጓደኞቿ እዚያ ትጫወት ነበር።

ኢተፋ ከዚያ ወዲያ አንድ እሑድ አልቀረም። ስልኩን ካልሲ ውስጥ ከትቶ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ያንጠለጥላል፤ ካልሲው የንፋሱን ድምፅ ይቀንሳል ባይ ነው። ሰኞ የቀዳውን እኔ ጋ ያስቀምጣል፣ ሳምንቱን ሙሉ ባጃጁ ውስጥ ይከፍተዋል። መውረጃቸውን ያለፉ ተሳፋሪዎች በዓይኔ አይቻለሁ። እኔንም ነዘነዘኝ። ነፍሴን እንዲያሳርፋት ብዬ አንድ እሑድ ሄድኩለት።

ሁሉም የሚቀመጥበትን ዱካ ይዞ ይመጣል፣ የሌለው ጆንያ ላይ ይቀመጣል። ሠላሳ ሰው ይሆናል። ዱቄቱ አየሩ ላይ ነው፤ ልብስህን ብትጠብቅ ፀጉርህን አትጠብቅም። ጠጅቱ ጠቆር ያለች፣ ደቃቃ፣ ሰው ፊት ቀና ማለት የምታፍር ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ሳያት ይቺ ናት እንዴ ብያለሁ። ክራሯን ስትነካ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ክራሩን በመዳፏ ያዝ አድርጋ ዝም አሰኘችው፣ ከዚያ በድምፅዋ ብቻ ቀጠለች። ቃሉ አልገባኝም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የእናቴ ቀብር ላይ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ዱቄቱና እንባው ተደባልቆ ፊቴ ሊጥ ሆኖ ወጣሁ፤ ኢተፋም እስከ ሱቄ ድረስ ሲስቅብኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ለጠየቀኝ ሁሉ በነፃ እጭን ጀመር። ከቡራዩ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ከሱሉልታ አንድ የወተት ነጋዴ ልጅ ሳይቀር በሁለት ታክሲ እየተሳፈሩ መጋዘኑ ድረስ ይመጡ ነበር። ያቺን ልጅ ሬዲዮ አያውቃትም፣ ቴሌቪዥን አያውቃትም፤ እኛ ግን እናውቃታለን። እንደዚያ ስል ኩራት ይሰማኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በኅዳር 2008 ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ ከመጣ ቆይቷል፤ የእነ ጠጅቱም ማሳ ላይ ችካል ተተክሎ ነበር። ተማሪው ወጣ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ። እኔ ከመርካቶ የመጣሁ ተከራይ፣ ከዚህም ከዚያም የምፈራ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ፍተሻ ላይ ስልክ መክፈት ተጀመረ። የኦሮምኛ ዘፈን የተገኘበት ሰው እንደ ዕድሉ ወይ በጥፊ ያልፋል፣ ወይ መኪና ላይ ይጫናል። ጠጅቱ ስለ ላም ነው የምትዘፍነው፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰርግ፤ እሺ፣ አንድ የችካል ዘፈንም አላት። ግን ቋንቋውን ለማይሰማ ፈታሽ ላሙም ችካሉም ያው ነው።

ስለዚህ ስም ቀየርን። እኔና ኢተፋ አብረን ቁጭ ብለን የጠጅቱን ዘፈኖች በሙሉ «ስብከት ክፍል አንድ»፣ «ስብከት ክፍል ሁለት» እያልን ጻፍንባቸው። እውነተኞቹን ስብከቶች እላያቸው ላይ ደረደርን። የቡራዩው ፀጉር አስተካካይም እንደዚሁ አደረገ፣ የሱሉልታውም ልጅ እንደዚሁ። እንዴት ያለን ብልጦች ነን ብለን ስንስቅ ትዝ ይለኛል።

ዓመቱ እንደዚያ እየተቆራረጠ አለፈ። ሰላም ሲመስል መጋዘኑ ይከፈታል፣ ሳይመስል ይዘጋል። ነሐሴ ውስጥ በአንድ እሑድ ጠጅቱ አሥራ አንድ ዘፈን ሳታቋርጥ ተጫወተች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀምሮ እሷ ስትጀምር ያቆመበት ቀን ነው። ኢተፋ ሙሉውን ቀዳው። ከቀዳኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው ብሎ፣ ሳስቀምጥለት ሁለት ጊዜ ኮምፒውተሩን በእጁ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ መስከረም መጨረሻ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ሰው መሰብሰብ ተከለከለ፤ ኦቦ ባጫም እያፈሩ መጋዘኑን ቆለፉ።

ጥቅምት ላይ ኢተፋ ተያዘ። ፍተሻ ላይ ስልኩን ከፈቱ አሉ፣ የባጃጁን ድምፅ ማጉያ ነቀሉ አሉ፣ ከብዙ ሰው ጋር መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ የሚነግረን ጠፋ። ሰማያዊ ባጃጁ ወንድሙ መጥቶ እስኪወስዳት ዘጠኝ ቀን መንገድ ዳር ቆማለች፤ በየጠዋቱ እያየኋት ሱቄን እከፍታለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ባለ ፎቶ ኮፒው እየሮጠ መጣ። ኮምፒውተር ያለበትን ሱቅ ሁሉ እየፈተሹ ነው፣ ጥግ ላይ ደርሰዋል፣ ደግሞ ነቅተውብናል፣ መጀመሪያ የሚከፍቱት ስብከት የሚለውን ነው አለኝ። ለካ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ሁላችንም ያንኑ ብልጠት ነበር የተበላለጥነው። ኢተፋን የወሰደው መኪና ታየኝ። ስብከት የሚለውን ሁሉ ይዤ አጠፋሁት፤ እውነተኛውንም ስብከት፣ የጠጅቱንም፣ የነሐሴውንም። ፍላሽ ላይ ገልብጬ በርበሬ ውስጥ መክተት እችል ነበር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አላሰብኩትም።

በሬን ከፍቼ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኳቸው። ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ወጡ፣ ሻይ ቤት ገቡ፣ ሻይ ጠጡ፣ መኪናቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። እኔ ጋ አልመጡም። በዚያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም፣ እስከ ዛሬም አልመጡም።

ኅዳር ላይ ጠጅቱ ሄደች። መሬቱ የለ፣ መጋዘኑ የለ፣ ደላላ አንድ ነገር ነገራት፣ በጅቡቲ በኩል ወጣች። ለእናቷ ለአዴ ዲንቄ ከባሕሩ ዳር ደውላ ነገ ጀልባ እንሳፈራለን አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ስልካቸው አልጮኸም።

ያኔ ነው ያበድኩት። ኮምፒውተሩን አቅፌ መርካቶ ወሰድኩት፤ ጥገና የሚያውቅ ልጅ አይቶ አይቶ፣ እላዩ ላይ ብዙ ፊልም ተጽፎበታል፣ አይወጣም አለኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩበት። የጫንኩላቸውን የሰፈር ሰዎች ጠየቅኩ፤ ሁሉም ፍተሻ ፈርቶ አጥፍቷል። ቡራዩ ሄድኩ፤ ፀጉር አስተካካዩ በፍተሻው ሳምንት አጥፍቶታል። ሱሉልታ ሄድኩ፤ ልጁ ስልኩን ራሱ ጥሎታል። ሁለቱም አንቺ ጋ አለ ብለን ነው አሉኝ። በሁለት ታክሲ ተመለስኩ።

ጥር ላይ ኢተፋ ተፈታ። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ በፊትም ሥጋ አልነበረው። ወንድሙ የጠጅቱን ነገር መንገድ ላይ ነግሮታል። ቤቱ ሳይገባ ነው እኔ ጋ የመጣው። አቀፈኝ፣ ስለ ገዛ ልጆቹ ሳይጠይቀኝ፣ ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ሄደ።

«የነሐሴው አለ አይደል፣ እትዬ የሺ?»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። ወታደሮች መጥተው አጠፉት አልኩት።

ዱካው ላይ ቁጭ አለ። ይጮሃል፣ ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ሲል ግን ከጠበቅኩት ሁሉ የባሰ ነገር ጠየቀኝ።

«ሰምተውት ነው ያጠፉት?»

አዎ አልኩት። ምን ልበል? ይሄን ድምፅ ማንም ሳይሰማው ጠፋ ልበለው? ምን አሉ ሲለኝ ደግሞ፣ አንዱ ልጅ እግር ወታደር ድገሚው ብሎኝ ሁለት ጊዜ ሰምቶታል፣ አለቃው ተቆጥቶት ነው የጠፋው አልኩት። ፊቱ በራ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከእስር ተፈትቶ ያልሳቀው ሰውዬ በዚያ ውሸት ሳቀ። «ዱጋ?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ቀጥሎም በእኔ ምክንያት ሱቅሽ ገቡብሽ፣ አስደነገጡሽ፣ ይቅር በይኝ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ ጎንበስ አለ። እኔ፣ ምላሰኛዋ፣ በትከሻው ይዤ አነሣሁት እንጂ እውነቱን አልነገርኩትም።

ባጃጁን መልሶ ይዟል። ድምፅ ማጉያ የለውም፤ በሱ ፋንታ ያወራል። ለተሳፋሪው ሁሉ፣ ጠጅቱ የምትባል ልጅ ነበረች፣ አንድ ወታደር ዘፈኗን አስደግሞ ሰምቷል ይላል። በእሱ ወሬ ወታደሩ መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር የሰማው፣ አሁን ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ሰሞኑን ደግሞ ቆቡን አውልቋል። ስንት ቀን እውነቱን ልነግረው ከሱቄ ወጥቼ መንገዱን ተሻግሬያለሁ። በሩን ከፍቶ ግቢ ይለኛል፣ ከተሳፋሪው ጋር ያስተዋውቀኛል፣ ይቺ ናት ባለ ሱቋ ይላል። ገብቼ ቁጭ እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አዴ ዲንቄ መጡ። በእርጅናቸው ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ተነሥተው በእግራቸው። ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ነው። አካም ብለው ሰላም አሉኝ፣ ዱካውን ሰጠኋቸው፣ ውኃ አቀረብኩላቸው፣ አልጠጡም። ስልካቸውን መዳፋቸው ውስጥ ይዘዋል፤ ያ ያልጮኸው ስልክ ነው። ስለ ልጃቸው አላወሩም። ኮምፒውተሩን ትንሽ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣

«ወታደሩ ያስደገመው የትኛውን ነው?» አሉኝ።

ሊያልቅልኝ ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልናገር ነበር፣ በእናቴ ስም። ግን ዓይናቸው አፌ ላይ ነው። ሦስተኛውን አልኳቸው፣ እኩሌታው ላይ ክራሩ ዝም የሚለውን።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«እሱን ለእኔ ነው ያወጣችው» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አንቺም ከወታደሩ ጋር ሁለት ጊዜ ሰምተሽው የለ? ዜማውን እንዴት አድርጋ እንደምትጀምረው እስኪ በይልኝ።»