የጋሼ ማመልከቻ ቅዳሜዎች

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፈዋል። የሰፈሩ ልጆች ስማቸውን ከመጠየቅ ይልቅ ሥራቸውን ሰሙና «ጋሼ ማመልከቻ» አሏቸው። ስሙም በዚያው ጸና።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቅዳሜ ትከብዳቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ዝግ፣ ቤቱ ጭር ያለ። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ይህን አውቃ ይሁን ሳታውቅ እንጃ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹን ድርሰት ቢያስተምሩልኝስ?» አለቻቸው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመስኮቱ ጥግ ካለው ጠረጴዛ አልጠፋም። ማንበብን ከጎለመስኩ በኋላ ለብቻዬ ታግዬ ስለተማርኩት፣ ሕፃናት እስክሪብቶ ይዘው ሲቀመጡ ሳይ አምላኬን ሳላመሰግን አልቀርም። ስለዚህ የሆነውን አብዛኛውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ አሥራ አንድ ልጆች መጡ። ጋሼ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን አስተኩሰው ጠበቋቸው። የሚያውቁትንም ሳይሰስቱ አስተማሩ፦ ከላይ «ለ»፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ ከዚያ «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው»። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ስለ ዝናብ የጻፈውን ቆሞ አነበበ። «ዝናቡ በተደጋጋሚ ቢለመንም ለማቆም ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ኳስ የመጫወት መብታችን ተጥሷል።» ሌላዋ ደግሞ ድመታቸው ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ስለ መቅረቷ አመለከተች።

«ጋሼ፣ ማኅተሙ የት ጋ ነው የሚመታው?» አለ የፊት ጥርሱ የወለቀው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም አብረው ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሰባት ልጆች ብቻ መጡ፤ ከዚያ አምስት። ጋሼ በር በሩን እያዩ፣ «መንገድ ይዟቸው ይሆናል» ይሉ ነበር።

መምጣት ካላቋረጡት መካከል አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። እናቷ እዚያው ሕንፃ ላይ ፎቁን የምታጸዳው ሴት ናት። ልጅቱ ድምፅዋ ባይሰማም እስክሪብቶዋ አያርፍም። አንድ ቅዳሜ ደብተሯን ሰጠቻቸው። «የእናቴ ጫማ ከእናቴ ቀድሞ ይደክማል» ብሎ ይጀምራል። ጋሼ በቀይ ቀለም ሰረዙት። «ልጄ፣ ጫማ ያረጃል እንጂ አይደክምም» አሏትና ከላዩ «ጉዳዩ፦ እናቴን ይመለከታል» ብለው ጻፉበት። ልጅቱ ደብተሯን ዘግታ ወጣች፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ቀረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ባልቴት በልጇ ጉዳይ ልታጽፍ መጣች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው እስክትጨርስ ሰሟት፣ አሳምረው ጻፉ፣ አነበቡላት። ባልቴቲቱ አንገቷን ነቀነቀች።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጥሩ ነው። ግን እኔ የለሁበትም።»

«እንዴት የለሽበትም፣ እናቴ? ስምሽ ይኸው!»

«ስሜማ አለ» አለች፣ ወረቀቱን አጣጥፋ በጉያዋ እየሸጎጠች።

ያን ቀን ሌላ ደንበኛ አልተቀበሉም። ቤታቸው ገብተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «የሚያወሩት ሰው ሲያጡ ነገር ይብላላል» አሉኝ። «የዚያችንም ልጅ ጽሑፍ እንዲሁ እሷ የሌለችበት አደረግኩት። ካላቃናሁት፣ እንኳን ለእሷ፣ ለእኔም የሚተርፈኝ ቅዳሜ የለም።»

ቅዳሜ ሲደርስ ትምህርቱ ሳይጀመር ፎቅ ወጡ። እናትየዋ ባልዲዋን አስቀምጣ ደነገጠች።

«ምን አጠፋችብዎ፣ ጋሼ?»

«እሷ አላጠፋችም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጥሩ ነገር ጽፋ አበላሸሁባት።»

«እሷማ ገጹን ገንጥላ ጣለችው። ምን ብላ ነው የጻፈችው?»

ጋሼ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «እሱን እሷ ትንገርሽ። ብቻ ይቅርታ እንደጠየቅሁ ንገሪልኝ።»

«ለልጅ ይቅርታ?» ብላ ሳቀች እናትየዋ። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እነግራታለሁ።»

ሁለት ቅዳሜ አልፎ ልጅቱ መጣች። ያን ዕለት ከእሷ ሌላ የነበሩት ሦስት ልጆች ናቸው። ጋሼ ቀዩን እስክሪብቶ ትተውት መጥተዋል። «ዛሬ ሥርዓት የለም» አሉ። «ያያችሁትን ጻፉ። መጻፍ ለከበደው እኔ እያዳመጥኩ እጽፍለታለሁ፤ ካነበብኩለት በኋላ የእሱ ቃል ያልሆነውን ራሱ ይሰርዝ።»

ዝምተኛዋ እጇን አወጣች። ድምፅዋን በቅጡ የሰማሁት ያኔ ነው።

«እርስዎስ አይጽፉም?»

«እኔማ ስጽፍ ነው የኖርኩት፣ ልጄ።»

«የሰው ነዋ።»

ጥርስ የለሹ «ተያዙ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ወረቀት ወሰዱ። በቀን አሥር ማመልከቻ የሚጨርሱ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና ሦስት መስመር ጻፉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ።

«ማታ ቤቴ ስገባ መብራት የማበራው እኔ ነኝ። መጣህ የሚለኝ የለም። እኔም መጣሁ ማለት ትቻለሁ።»

ልጆቹ አልሳቁም። እኔም ከመጽሐፌ ቀና አልኩ፤ አሥር ዓመት ሰላም ስላቸው ኖሬ፣ ቤታቸው ማን እንዳለ አንድ ቀን እንኳን እንዳልጠየቅኋቸው ትዝ አለኝ።

ዝምተኛዋ ወንበሯን እየጎተተች ወደ እሳቸው ተጠጋች።

«ጥሩ ነው፤ ግን ቸኩለዋል» አለች። «በፊት ማን ነበር መጣህ የሚልዎት? ከየት ሆና ነው የምትጠራዎት፣ ከጓዳ?»

ጋሼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ከመስኮቱ» አሉ። «እግሬን ከሩቅ ታውቀው ነበር።»

«እሱን ይጻፉት እንጂ» አለች ልጅቱ፣ ወረቀቱን ወደ እሳቸው እየገፋች።

ኃላፊዋ ልትዘጋ ቁልፏን ይዛ መጣች፤ አየቻቸውና ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።